ከበሩ የሰፋው ጋን

ኢንስፔክተር ድርቤ ነገራ የአባቷን እህት አላናግርም ካለች፣ ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሚስት ያገባ ነበር። መንገድ ላይ ስታያት ትሻገራለች። ለቅሶ ቤት ከተገናኙ ድንኳኑን በሌላ በኩል ዞራ ትቀመጣለች። ነገሩ የጋን ነው። እናቷ ሲሬ ላይ ጠላ እየጠመቀች ያሳደገችበት፣ አንድ ሰው ቢያቅፈው እጁ የማይገናኝለት ጥቁር ጋን።

እናቷ ስትሞት ድርቤ የፖሊስ ስልጠና ላይ ነበረች። ለቀብር ደርሳ ተመለሰች። ስልጠናውን ጨርሳ ስትመጣ ጋኑ የቆመበት ጉድጓድ ባዶውን አፉን ከፍቶ ጠበቃት። ጋኑ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ በአክስቷ በአዴ ዲንቂቱ ጠላ ቤት ጓዳ ቆሞ ጠጪ ያስተናግዳል። ድርቤ በሩ ላይ ቆማ፣ ጠጪው ሁሉ እየሰማ፣ "ሌባ" አለቻት። አዴ ዲንቂቱ ጣሳ እያጠበች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። በቃ። ከዚያ ወዲያ አንዷ የአንዷን ደጅ አልረገጠችም።

ድርቤም ከዚያ ወዲህ ጠላ በአፏ አልዞረም። ቢራ ትጠጣለች፤ እሱንም ከሥራ ስትወጣ አንድ ጠርሙስ። "ምነው ኢንስፔክተር፣ የጠላ ሻጭ ልጅ ሆነሽ?" ሲሏት፣ "ጠርሙስ ማንንም አያስታውስም" ትላለች። ውሸቷን ነው። ጠርሙስ በከፈተች ቁጥር የምታስታውሰው የሌለበትን ነው። የወይራው ጢስ የለም። ምላስ ላይ ቆይቶ የሚመጣው የጌሾ ምሬት የለም። ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ትናንትም ዛሬም ያው ነው። እናቷ ግን የዛሬው ጠላዋ የትናንቱን አይመስልም ነበር። ሲከፋት ይመርር ነበር፤ ደስ ሲላት ይለዝብ ነበር። ወይም ለድርቤ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

*

የመስቀል ሰሞን ነው፤ ሰኞ ጠዋት። አለቃዋ ኮማንደር ዋቅወያ አስጠራት።

"ጨለለቂ ስርቆት አለ፤ ሂጂ።"

"ምን ተሰረቀ?"

ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋን።"

"የማን?"

"የማን እንደሆነማ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

"ሌላ ሰው ይሂድ። ከሴትዮዋ ጋር ቂም አለኝ፤ የመንግሥት ሥራ በቂም አይሠራም።"

"እና ነቀምቴ ውስጥ አንቺ ያልተቀየምሽው ሰው እስኪሰረቅ ልጠብቅ? ሳጅን ጉደታን ይዘሽ ሂጂ።"

ሄደች። በባጃጅ ስትሄድ ልቧ ሁለት ነበር። አንዱ "እሰይ! የሌባ ንብረት ሌባ ወሰደው" ይላል። ሌላው ዝም ብሎ ይፈራል። ጋኑ ተሰብሮ ከሆነስ?

*

አዴ ዲንቂቱ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዛ ምስር ትለቅማለች። አርጅታለች። ድርቤ ከሩቅ ስታያት እንዲህ ማርጀቷን አላየችም።

"አከም ቡልተኒ፣ አዴ" ሲል ሳጅን ጉደታ የማለዳ ሰላምታ ሰጣት።

"ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ልጄ።" ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ ድርቤ መለሰች። "ሌባ ይባረክ። ደጄን አሳየሽ።"

"ሃርሜ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?" አላት እናቱን ልጇ ተረፋ። ቢራ ማከፋፈያ ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ቀይ ቲሸርት ለብሶ ስልኩን ከእጅ እጅ ያገላብጣል። "ነይ እህት ዓለም፣ ግቢና እዪ።"

ጓዳው አንድ ጠባብ በር ብቻ አለው። መስኮት የለውም። ድርቤ በሩን በክንዷ ለካችው። ጋኑንም በልቧ ለካችው፤ ልኩን አልረሳችውም። አይወጣም። በጎኑ ቢተኛም፣ ቢቆምም፣ በዚህ በር አይወጣም።

"ቅዳሜ እዚችው ነበር" አለ ተረፋ። "በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ዛሬ ሰዎች ይዤ ስመጣ የለም። በሩ ደግሞ ተቆልፏል።"

"ሰዎች ይዘህ ለምን መጣህ?"

ተረፋ አንገቱን አከከ። "ሚናስ ለሆቴሉ ፈልጎት... ግድግዳውን አፍርሰን ልናወጣው ነበር። ሲገባም ግድግዳ ፈርሶለት ነው የገባው። እዚህ ግሮሰሪ ልከፍት ነው። ፍሪጅ ይገባበታል።"

"እናትህ ፈቅዳለች?"

"እሷ ምን ታውቃለች? ጉልበቷ አልቋል። ዘመኑ የጠርሙስ ነው፤ ከፍቶ መስጠት ብቻ!"

ድርቤ ወደ ደጃፉ ወጣች። "እርስዎ እሁድ ሌሊት የት ነበሩ?"

"እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም።"

"እሺ። አንቺ የት ነበርሽ?"

"ሲሬ። ለቅሶ። እሁድ ሄድኩ፤ ዛሬ ማለዳ ተመለስኩ።" አዴ ዲንቂቱ ምስሯን ቀጠለች።

ድርቤ ወደ ጓዳው ተመለሰች። ግድግዳው በስንት ዓመት ጢስ ጠቁሯል። በኋላ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሰሌን ተሰቅሏል። ጓዳ ውስጥ ሰሌን ማን ይሰቅላል? ገለጥ አደረገችው። ከሰሌኑ ሥር ያለው ጭቃ ጥቁር አይደለም። እርጥብ ነው፤ ጭዱ እንኳ ገና ቢጫ ነው። ጉደታ በጣቱ ሲጫነው ጣቱ ገባ።

"ጉድ! በግድግዳ አውጥተው መልሰው መርገውታል!"

"ፋንታሁን ነው!" ተረፋ ጮኸ። "ለመስቀል ብሎ የቤቱን ውጭ ሲመርግ የሰነበተው እሱ ነው! ለካ ጭቃውን ያቦካው ለዚህ ኖሯል!"

ደጃፉ ላይ የአዴ ዲንቂቱ እጅ ምስሩ ውስጥ ቆመ። ድርቤ አየችው፤ ግን ያኔ ምንም አልመሰላትም።

ጉደታና ተረፋ ፋንታሁንን ሊያመጡ ሲሄዱ እሷ ጓሮውን ዞረች። ቤቱ ከውጭ በሙሉ አዲስ ተመርጓል። አንዱን ጥግ ከሌላው መለየት አይቻልም። አጥሩ ሥር የወይራ አመድ አለ፤ አጠገቡ ተፈትጎ የተጣለ የግራዋ ቅጠል። ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ይህን ያየችበት ጓሮ ሌላ ነበር፣ ያጠነውም እጅ ሌላ። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ፈጠን ብላ ሄደች።

*

ፋንታሁን አባቶቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ ጭቃ በመምረግና እንጨት በመፍለጥ የሚያድር ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ አግዳሚው ላይ ጭቃ የደረቀበት እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል።

"ጋኑን አወጣህ?"

"ግድግዳ መረግሁ።"

"እሱን አልጠየቅሁህም። በውስጥ በኩል ያለውን አንተ ነህ የመረግኸው?"

"እኔ ነኝ። ቆንጆ ልስን ነው፤ አይታዩትም?"

"ጋኑስ?"

የእግሩን ጭቃ በጥፍሩ ይፈቀፍቅ ጀመር።

"ስማ ፋንታሁን፣ መስቀልን እዚህ ልታሳልፍ ነው። ልጆች አሉህ።"

"አሉኝ ኢንስፔክተር። ግን አደራ አለብኝ።"

"የማን አደራ?"

"እሱን ከነገርኩዎት ምኑን አደራ ሆነ?"

ከዚያ በኋላ ቢለምኑትም ቢቆጡትም አፉን አልከፈተም። ሲወስዱት ዞር ብሎ፣ "ደግሞ ጋኑ ይሰበር ይሆን ብለው አይስጉ" አላት። ድርቤ ከወረቀቷ ቀና ስትል ሄዷል። መስጋቷን ለማን ተናገረች?

*

ሚናስ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ነቀምቴ ያረጀ ነጋዴ ነው። ሆቴሉ በራፍ ላይ የቢራ ሣጥን በሣጥን ላይ ያስቆጥራል። ድርቤን ሲያያት ሳትጠይቅ ጠርሙስ ከፈተላት።

"ለሥራ ነው የመጣሁት። እሁድ ሌሊት የት ነበርክ?"

"ጊምቢ፣ ሰርግ ላይ። ስጨፍር ቪዲዮ አለ፤ ላሳይሽ?"

"ይቅርብኝ።"

"ትስቂ ነበር። ጋኑ ጠፋ አሉ አይደል? እኔማ ተናደድኩ! በራፉ ላይ ላቆመው ነበር። ባህላዊ ይሆናል፤ እንግዳ ፎቶ ይነሳበታል። በረዶ ሞልቼ ቢራዬን ላቀዘቅዝበት ነበር።"

ድርቤ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "በረዶ?"

"ምን ላድርግበት ታዲያ፣ ልጠንስስበት? ኢንስፔክተርዬ፣ እውነት እንነጋገር። ጠላ ጥሩ ነው፤ የእናትሽን ጠላ ሲሬ ላይ ከመኪና ወርጄ ጠጥቻለሁ። ግን አንድ ቀን ማር ነው፣ አንድ ቀን ኮምጣጤ። አንድ ቀን ሆድሽን ይዘሽ ትሮጫለሽ። ጠርሙስ አያሳፍርም። እዚህ ጠጣሽው፣ ደምቢ ዶሎ ጠጣሽው ያው ነው። ደንበኛ የሚፈልገው ያው የሆነ ነገር ነው።"

"ሰውዬ፣ የእናቴን ጠላ ጠጥተሃል?"

"ጠጥቻለሁ እንጂ።"

"እንዴት ነበር?"

ሚናስ ሣጥን መቁጠሩን ተወና አሰበ። "ማስረዳት አልችልም። ግን ይኸው አልረሳሁትም። ትናንት የጠጣሁትን ቢራ ግን እንጃ!"

ድርቤ ቢራውን ሳትነካው ብድግ አለች። በሩ ላይ ቆም ብላ፣ "ጌሾና ብቅል ትገዛለህ?" ስትል ጠየቀችው።

"ጌሾ ለምኔ?"

*

ወደ ጣቢያ በእግሯ ተመለሰች። ስትሄድ ነው ነገሩ የተገጣጠመላት።

አዴ ዲንቂቱ ለመስቀል ጠላ ሳትጠነስስ አትቀርም፤ የጠላ ሴት በዓል እየመጣ ጋኗን ባዶ አታቆምም። ሌባ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ድፍድፉን ጓሮ ይደፋው ነበር። የሞላ ጋንማ ስምንት ጎረምሳም አይሸከመው። ጓሮው ግን ጠብታ አተላ የለበትም። ጋኑ ታጥቧል፣ ታጥኗል፣ ተዘጋጅቷል። አልተጠነሰሰበትም። ደግሞ ጓዳው ውስጥ የብቅል ጆንያ የለም፤ የጌሾ እስር የለም። ሚናስ ጌሾ አይፈልግም። ፋንታሁንም ጭቃ እንጂ ጠላ አያውቅም። ጋኑን የወሰደው ሰው ሊጠምቅበት ነው የወሰደው፤ ወይም እንዲጠመቅበት።

ግድግዳ አፍርሶ መልሶ መምረግ ደግሞ የሰዓት ሥራ አይደለም። ባለቤቷ ካልፈቀደች ማን ይችላል?

ሲሬ። ለቅሶ ብላለች። ምስክርነት ነው፤ ይጣራል።

*

ሲሬ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ በቆሎ የሚጠብሱትን ሴቶች ጠየቀቻቸው። "እሁድ የማን ለቅሶ ነበር?"

"ለቅሶ? አፍሽን በዳቦ!" አሉ። "በዚህ ሳምንት ማንም አልሞተብንም።"

ድርቤ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደምትሄድ እግሯ ያውቀዋል፤ እሷ ግን አልፈለገችም። የእናቷ ቤት ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ከተዘጋ ብዙ ዓመቱ ነው። ቁልፉ ጎረቤት ሰዒዳ ጋ ነው። ሰዒዳ ከወሎ ሰፋሪዎች ልጆች ናት፤ ጨውና ሳሙና ትሸጣለች። የድርቤ የልጅነት ጓደኛ ነች።

"ድርቤዬ! ወይ ጉድ፣ በዩኒፎርም ነው የምትመጪው? አብሽሪ፣ ግቢ!"

"አልገባም። እሁድ አክስቴ እዚህ መጥታ ነበር?"

ሰዒዳ ሻርፗን አስተካከለች። "እኔ አልጠጣ፣ አልሸጥ። ቁልፍ ብቻ ነው የያዝኩት።"

"ሰዒዳ!"

"በአይሱዙ ጭድ ጭና መጣች። ጭዱ ሥር ያለውን አልጠየቅሁም።" ቁልፉን ከመደርደሪያው አወረደች። "እንኪ። ፖሊሷ አንቺ ነሽ፣ ሂጂና እዪው።"

ቤቱን ዞራ አየችው። በኋላ በኩል ግድግዳው እርጥብ ነው። የፋንታሁን እጅ ነው፤ ልስኑ እውነትም ቆንጆ ነበር።

በሩን ከፈተች።

ጋኑ በጉድጓዱ ውስጥ ቆሟል። ዱሮ በነበረበት፣ በዚያው ማዘንበሉ፣ በዚያው በኩል ወደ ማጀቱ ዘመም ብሎ። አፉ በቅጠል ተሸፍኗል። አጠገቡ የብቅል ጆንያና የጌሾ እስር አለ። ድርቤ ባርኔጣዋን አወለቀች። ቅጠሉን አንስታ፣ በልጅነቷ እንደምታደርገው ጭንቅላቷን አስገባች። ወይራ ሸተታት። ሌላም ነገር፣ ከወይራው ሥር፣ ሸክላው በስንት ዓመት የጠጣው። እናቷ ልትታጠብ ስትወጣ ነጠላዋ ላይ የሚቀረው ሽታ። "ሃርሜ" ብላ እናቷን ጠራች፤ ጋኑ ድምጿን አወፍሮ መለሰላት።

ሰዒዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ያኔ ለምን እንደወሰደችው ታውቂያለሽ?" አለች። "ባዶ ቤት የቆመ ጋን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። 'ልጅቷ ከካምፕ ካምፕ ስትዞር ጋኑ ይሞትባታል፤ እስክትመጣ እኔ ልጥመቅበት' ብላ ነው። እዚችው ቆማ ነው የነገረችኝ።"

"ለእኔስ ለምን አልነገረችኝም?"

"ሰው ፊት ሌባ ካልሻት በኋላ? እሷ እኮ የአባትሽ እህት ናት። ያንቺ ግትርነት ከየት የመጣ መሰለሽ?" ሰዒዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አሁን ደግሞ ልጇ በረዶ ልሙላበት ሲል፣ ወደ ቤቱ መለሰችው። ይኸው ነው።"

*

ጣቢያ ስትደርስ ኮማንደሩና ተረፋ ይጠብቋታል።

"ጋኑ ተገኝቷል" አለች።

"የት?" ተረፋ ተነሳ።

"ባለቤቱ ቤት።"

"ባለቤቷ እናቴ ናት!"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ። የእናቴ ጋን ነው። ከሲሬ ወስዳው የነበረችው እናትህ ናት፤ ይህን ያኔ ጠጪ ሁሉ እየሰማ ተናግሬአለሁ። እሁድ ዕለት መልሳዋለች። ግድግዳውን ያፈረሰችውም የራሷን ነው። እንግዲህ ከሳሽ ካለ እኔ ነኝ።"

ኮማንደሩ እስክሪብቶውን አነሳ። "ትከሻለሽ?"

ድርቤ አፏን ከፈተች። ስንት ዓመት ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። አልመጣላትም።

"አልከስም። ሰውዬውን ፍቱልኝ።"

ፋንታሁን ሲወጣ ፊቱን አጨማደደ። "አደራዬን ማን ተናገረብኝ?"

"ግድግዳው።"

"ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ እሰማ ነበር። አፍም አወጣ?"

ተረፋ ለሚናስ ምን እንደሚለው እያጉረመረመ ስልኩን ይዞ ወጣ። ኮማንደሩ ድርቤን በጎን አያት። "ሴትዮዋ ለፖሊስ የውሸት ቃል ሰጥታለች። ለቅሶ ብላለች።"

"እሱን ራሴ እጠይቃታለሁ።"

*

አዴ ዲንቂቱ አሁንም ደጃፉ ላይ ናት። ምስሩ አልቋል፤ ባዶ ሰፌድ ጭኗ ላይ ይዛለች።

"ልታስሪኝ መጣሽ?"

"ሲሬ ለቅሶ አለ ብለሻል። ማንም አልሞተም።"

"እናትሽ ሞታ የለ?"

"እሱማ ድሮ ነው።"

"ለአንቺ ነው ድሮ። እኔ አብሬያት የጠመቅሁ፣ ከአንድ ጣሳ የጠጣሁ፣ አልቅሼ አልጨረስኩም። ከማን ጋር ላልቅስ? አንቺ እንደሆን መንገድ ትሻገሪያለሽ።" አሮጊቷ ሰፌዱን ከጭኗ አነሳች። "እሁድ ጋኑን ቦታው ካስቀመጥኩ በኋላ ብቻዬን አለቀስኩ። ለቅሶ ነው ያልኩት፤ ለቅሶ ነበር። ጻፊው።"

ድርቤ አልጻፈችም። በርጩማ ሳባ ተቀመጠች። በዚያ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። አንዳቸውም ይቅርታ አላሉም፤ የነገራ ዘር ይቅርታ ማለት አይሆንለትም።

"አዳዳ" አለች፤ በልጅነቷ የአባቷን እህት እንደምትጠራት።

"እ።"

"እኔ መጠንሰስ አላውቅም። እናቴ ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ ብላ እጄን እንኳ አላስነካችኝም። ትምህርቱም አሥራ ሁለተኛ ላይ ቀረ።"

"እና?"

"እና ተነሺ። የሲሬው ሚኒባስ ሳይሞላ።"

አዴ ዲንቂቱ አየቻት። ሰፌዱን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። "ጉልበቴን ያዢኝ" አለች፤ ድርቤም ያዘቻት።

ለመስቀል ሲሬ ላይ ያ ቤት ተከፈተ። ፋንታሁን መጣ። ሰዒዳ ለራሷ ሻይ ይዛ መጣች። ተረፋ እንኳ ቀይ ቲሸርቱን ለብሶ፣ የቢራ ሣጥኑን መኪና ውስጥ ትቶ መጣ። ድርቤ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷ ላይ የደረቀ ድፍድፍ ሳይለቅ፣ የመጀመሪያውን ጣሳ ከአክስቷ እጅ ተቀበለች። ጠጣች።

"እንዴት ነው?" አለች አሮጊቷ።

ድርቤ ከንፈሯን ላሰች። ምሬቱ መጣ፣ ጢሱ መጣ። የቀረው አልመጣም።

"የእሷ አይደለም።"

"አይደለም" አለች አዴ ዲንቂቱ። "እኔም በዚህ ጋን ይኸን ሁሉ ዓመት ፈለግሁት፤ አንድም ቀን አልመጣልኝም።"

ድርቤ የቀረውን ገልብጣ ጨረሰችና ባዶውን ጣሳ ዘረጋችላት።

"ድገሚኝ፣ አዳዳ።"